ሽሮፕ ሐ

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 12

ስድስት ቀን ተኝቼ ዛሬ ሥራ ገባሁ። ትኩሳቱ ለቆኛል፤ እግሬ ግን ገና የሌላ ሰው ነው። ከአውቶቡስ ፌርማታው እስከ መድኃኒት ፋብሪካው ላቦራቶሪ ያለችውን ዳገት ሁለት ጊዜ ቆሜ ነው የጨረስኳት።

ሄንሪክ ኮሪደር ላይ አገኘኝና «ተሻለሽ? ያለ አንቺ ምላስ እንዴት ልንጀምር ነው እያልኩ ነበር» አለኝ። የክፍሉ ኃላፊ ነው፤ የመመረቂያ ጥናቴንም የሚያማክረኝ እሱ ነው። መቀለድ ስለማያውቅበት የምሩን ነው።

ኖቬምበር ላይ ቀማሽ ሲመረጥ ሰማንያ ሠራተኛ ተሰልፎ በውሃ የቀጠነ መራራ መድኃኒት ቀመሰ። ሌላው ሁሉ «ይሄማ ውሃ ነው» ያለውን ብርጭቆ «ይመራል» ያልኩት እኔ፣ ለልምምድ የመጣሁት የፋርማሲ ተማሪ ብቻ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሕንፃ ስሜ ቬራ መሆኑ ቀርቶ «ምላሷ» ሆኗል። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምን እዋሻለሁ። በአምስት ዓመት ትምህርት ማንም በምንም ነገር አንደኛ ነሽ ብሎኝ አያውቅም።

የካንቲኑን ቡና ቀይረውታል መሰለኝ። ሙቅ ውሃ ነው።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 15

ካንቲኑ ሐሙስ ሐሙስ የሚያቀርበው የአተር ሾርባ። ሦስት ማንኪያ ሰናፍጭ ጨመርኩበት። ራይሊ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስትታዘበኝ ቆየችና «አንቺ ልጅ፣ ሾርባ በሰናፍጭ ነው የምትበይው ወይስ ሰናፍጭ በሾርባ?» አለች።

«የዛሬው ጨው የለውም።»

ከራሷ ሳህን አንድ ማንኪያ ወሰደች። «ይሆናል» አለች።

ራይሊ የክፍሉ ቴክኒሺያን ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ ጁን ላይ ጡረታ ትወጣለች። ከዚህ ቤት የወጣ የልጆች መድኃኒት ሁሉ በእሷ አፍ አልፏል ይላሉ። በቅምሻው ክፍል የእኔ መቀመጫ ከእሷ ቀጥሎ ነው፤ ይህንንም እንደ ሹመት ነው የቆጠርኩት።

እማዬ ደወለች። የላከችልኝ መንደሪን ደረቅ ነው አልኳት። «እኔ ከዚያው ሳጥን በላሁ እኮ፤ ስኳር ነው» አለች። በመንደሪን ተኮራረፍን ማለት ይቻላል።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 20

የመጀመሪያው ቅምሻ። ቸኩያለሁ።

ቅጹ ይጠይቃል፦ ዛሬ ጉንፋን ወይም የአፍንጫ መዘጋት አለ? «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። አፍንጫዬ አልተዘጋም። እውነት ነው፣ አልተዘጋም።

አራት ሽሮፕ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። መልካቸው እንዳይለይ መብራቱ ቀይ ነው። ሄንሪክ በትንሿ መስኮት አንድ በአንድ ያቀብለናል። አሥር ሰከንድ አፍ ውስጥ ይዞ መትፋት፤ ምን ያህል እንደሚመር ከዜሮ እስከ አሥር መጻፍ፤ ከደቂቃ በኋላ ምላስ ላይ ለቀረው ደግሞ እንደገና መጻፍ። መነጋገር ክልክል ነው። እኔንና ራይሊን የሚለየን ስስ ጣውላ ነው።

ለ ላይ ራይሊ ሁለት ጊዜ ሳለች። ሰባት ጻፍኩ። እኔም ሰባት እያሰብኩ ነበር።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 1

ዛሬ ሱቅ ሄጄ ሳልሚያኪ ገዛሁ፤ ያንን ጥቁር ጨዋማ ከረሜላ፣ ኃይለኛውን። ከልጅነቴ ጀምሮ እሱን ሳኝክ አፍንጫዬ ድረስ ነው የሚወጣኝ። አንድ አኘክሁ። ምንም። ሦስት። ምላሴን ትንሽ ለበለበኝ እንጂ ሌላ ምንም። መንገድ ላይ እየሄድኩ ፓኮውን ጨረስኩት። ጠጠር እንደማኘክ ነበር።

እንግዲህ ልጻፈው። ከታመምኩ ጀምሮ አፌ ምንም አይቀምስም። ጨውም፣ ስኳርም፣ ምሬትም የለም። ቡናውን ማንም አልቀየረውም።

ለሄንሪክ መናገር አለብኝ፤ የታመመ ቀማሽ መውጣት አለበት። ግን ከስምንታችን ሦስቱ በጉንፋን ወጥተው አምስት ቀርተናል። ቅምሻው ሳያልቅ አራት ከሆንን ደንቡ ስለማይፈቅድ ጥናቱ ይቆማል፤ የእኔም ምረቃ ለሚመጣው ዓመት ይተላለፋል። ደግሞ ያለ ምላሴ እዚህ ቤት ምንድነኝ? ብርጭቆ የምትሰብር ተማሪ ነኝ።

ጤና ጣቢያ ደውዬ ነበር። ሐኪሟ «በሳምንት የሚመለስላቸው አሉ፣ በወራት የሚመለስላቸውም አሉ» አለችኝ። ስለ ሌሎቹ አልጠየቅኋትም። በዚህ ሳምንት ይመለስልኛል።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 5

ከሆስፒታሉ አንዲት ነርስ መጥታ አነጋገረችን። ሽሮፑ የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሕፃናት ነው፤ ዱቄቱ ብቻውን ሲቀመስ ያንገሸግሻል፤ የእኛ ሥራ እሱን መሸፈን ነው። ከመረጥነው በኋላ አርባ ሕፃናት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለስድስት ወር ይወስዱታል።

«አንዲት የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ» አለች ነርሷ። «ያሁኑን መድኃኒት ጠርሙሱን ገና ስታይ ጥርሷን ግጥም ታደርጋለች። እናቷ በፎጣ ጠቅልላ፣ አፍንጫዋን ይዛ ነው የምታጠጣት። ትተፋዋለች። የተፋች ቀን ደግሞ ማታ ይጥላታል። እናትየው ባለፈው ምን አለችኝ መሰላችሁ? ‹ልጄ ስታየኝ መሸሽ ጀምራለች›።»

 ራይሊ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። 

ነገ ለሄንሪክ እነግረዋለሁ።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 6

አልነገርኩትም። ስብሰባ ላይ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አልነበረውም።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10

ሦስተኛው ቅምሻ። ጆሮዬን ጣውላው ላይ ጣል ማድረግ ለምጃለሁ። ራይሊ ሀ ላይ ውሃ ጠጣች፤ አምስት። ለ ላይ እንደ ሁልጊዜው ሳለች፤ ሰባት። መ ላይ ወንበሯ ተንቋቋ፤ አራት። ሐ ላይ ዝም አለች። እኔም ትንፋሼን ውጬ ጠበቅሁ፤ ከደቂቃ በኋላም ዝም። ሁለት ጻፍኩ።

ስሰርቅ የያዘኝ የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ ምላስ ከእኔ አይሻልም? እንዲያውም ሕፃናቱን የጠቀምኳቸው እኔ ነኝ። ይህን ጽፌ መልሼ ሳነበው አፈርኩ፤ ግን አልሰርዘውም።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 17

የጾም ቅበላ ቀን ስለሆነ ካንቲኑ ክሬም የተሞላ ዳቦ አቀረበ። ቤቱ እንደ ወትሮው ለሁለት ተከፈለ፤ ውስጡ ማርማላታ ይሁን የሚሉና ለውዝ ይሁን የሚሉ። አንዱ የማሸጊያ ክፍል ሰው «ምላሷ ትፍረደን!» ብሎ ዓይኔ ሥር አንዱን ደቀነብኝ። ሳልነክስ ለሁለት ከፈልኩት። ቀይ ነው፤ ማርማላታ።

«አይ፣ ይሄ ማጭበርበር ነው» አሉና ሳቁ። ዞር ስል ራይሊም የራሷን ዳቦ ከፍላ ውስጡን እያየች ነበር። የእሷ ለውዝ ነበረበት። «በጣም ይጣፍጣል» አለች ለሁሉም።

ደክሞኛል። ለሰውነት ብቻ ስበላ ይሄው ስድስተኛ ሳምንቴ ነው። ሰዓት አይቼ ነው የምበላው።

ማክሰኞ፣ ማርች 3

ሄንሪክ ውጤቱን ግድግዳው ላይ አሳየን። «የቀሩት ሦስት ቀማሾች አንዳቸው ከሌላው አይስማሙም» አለ። «ሁለቱ ለሐ ስምንት ሰጥተዋል፤ በተለይ ከደቂቃ በኋላ ይመራል ይላሉ። ግን እነዚህን ሁለት መስመሮች እዩ። ራይሊና ቬራ። በአራቱም ቅምሻ፣ በአራቱም ሽሮፕ አንድ ናቸው። በሥራ ዘመኔ እንዲህ የተስማሙ ሁለት ምላሶች አላየሁም።»

የሁለታችን ቁጥር እጥፍ እንዲመዝን ተወሰነ። ሐ ተመረጠ። ለሆስፒታሉ የሚሆነው ኤፕሪል 9 ጠዋት ይደባለቃል።

ሲወጡ እኔን አስቀረኝ። «ከጁን ጀምሮ ቦታ አለሽ» አለኝ። «ራይሊ ስትሄድ የእሷን ወንበር የሚይዝ ሰው እፈልጋለሁ።»

አመሰገንኩት። ምን ልበል ታዲያ?

ከሦስቱ አንዷ ኮሪደር ላይ ለጓደኛዋ «የእኔ ምላስ የላም ነው መሰለኝ፤ እኔን እኮ አንገሽግሾኛል» ስትል ሰማኋት። ላርማት ይገባ ነበር። አለፍኳት።

ሐሙስ፣ ማርች 12

ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ራይሊ ብርጭቆ እያደረቀች «ምነው እንዲህ ከሳሽ?» አለችኝ። ድምፅዋ ስለራራልኝ ይሆናል፣ ከዚያ በላይ መያዝ አቃተኝ።

«ራይሊ፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ ምንም አልቀምስም። ቁጥሮቼ ሁሉ ያንቺ ናቸው። ስትስይ፣ ውሃ ስትጠጪ እየሰማሁ ነው የጻፍኩት።»

ብርጭቆውን አስቀመጠች። ታዋርደኛለች ብዬ ስጠብቅ ሳቀች። እጇን ጠረጴዛው ላይ ተክላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ቆመ፤ እንባው ግን አልቆመም።

«እኔ ደግሞ አንቺን ነበር የምሰማው» አለች።

አልገባኝም። እንድትደግመው አደረግኋት።

«ምላሴ ካረጀ ቆየ እኮ ልጄ። ሁለት ዓመት፤ ሦስትም ይሆናል። ዘንድሮ ያቺ ‹ምላሷ› የሚሏት ከጎኔ ስትቀመጥ እግዜር ላከልኝ አልኩ። ትንፋሽሽንና የእርሳስሽን ጭረት ነበር የማዳምጠው።»

«ለ ላይ ግን ትስዪ ነበር!»

«ሚንት አለበት፤ ጉሮሮዬን ይኮረኩረኛል። ሳልና ምሬት ምን አገናኛቸው?»

«ሐስ? ሐ ላይ ዝም አልሽ።»

«አንቺ ዝም ስላልሽ ነዋ!»

«እኔማ አንቺ ዝም ስላልሽ ነው ዝም ያልኩት።»

ማጠቢያ ማሽኑ ጨርሶ ጮኸ። ሐ ማለት እንግዲህ ሁለታችንም ያልቀመስነው ሽሮፕ ነው። ተመርጧል።

«ሁለት ቀን ስጪኝ» አለች ራይሊ። «ምንም እንዳትናገሪ። ሁለት ቀን ብቻ።»

ሰኞ፣ ማርች 16

ሄንሪክ ቢሮው ጠራኝ። ራይሊ ጠዋት መጥታ ከገና ወዲህ ጣዕም እንደማይሰማት፣ በዚህ ጥናት የሰጠችውን ቁጥር ሁሉ እንዲሰርዝ ነግራው ነበር። ዓመት ፈቃዷን ወስዳ ወደ ቤቷ ሄዳለች።

«እንዴት እንደተስማማችሁ ስጠይቃት ‹የልጅቷን ትንፋሽ እየሰማሁ› አለችኝ» አለ ሄንሪክ። «ስለዚህ ቁጥሩ በመሠረቱ ያንቺ ነበር ማለት ነው፤ ምርጫው ይጸናል። እግዜር ይስጥሽ፣ ቬራ። አንቺ ባትኖሪ ጥናቱ ገደል ገብቶ ነበር።»

አፌን ከፈትኩ። «ራይሊ ደህና ናት?» ብዬ ጠየቅሁት። የወጣልኝ ይህ ብቻ ነው።

ማታ ደወልኩላት። «ምን አደረግሽ?» አልኳት።

«የእኔ አይመለስም፤ ያንቺ ይመለሳል» አለች። «ዕድሜሽ ገና ነው። ዝም በይና ተመረቂ።»

«ሕፃናቱስ?»

«ሐ ጥሩም ሊሆን ይችላል እኮ።»

ሊሆን ይችላል። ከአራት አንዱ ነው። ይህን ለራሴ ስደጋግም አመሸሁ።

ረቡዕ፣ ማርች 25

የቅጥር ውሉ መጣ። አልፈረምኩም። ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ቀኑ ረዝሟል፤ በረዶው ከጣሪያው ላይ እየቀለጠ ይንጠባጠባል። ሰው ሁሉ ፊቱን ለፀሐይ ሰጥቶ ይቆማል። እኔ እንቅልፍ ብቻ ነው የምፈልገው።

እሑድ፣ ኤፕሪል 5

ፋሲካን እማዬ ቤት። ማዕዱ ላይ በመከር ከጫካ ለቅማ ያቆየችው ቀይ ፍሬ ነበረ፤ ከሥጋው ጋር ዝም ብዬ ጎረስኩት፤ ጉንጬን ጨመደደኝ። ማንኪያውን ጣልኩት። ሌላ ጎረስኩ። ኮምጣጣ ነው! ኮምጣጣ!

«ምን ሆንሽ?» አለች እማዬ። ሳህኑን አቅፌ አለቅስ ነበር። «ስኳር ላምጣ?» አለችኝ ደንግጣ። አይ፣ አልኳት፣ እንዳትነኪው።

ቡናው ቡና ነው። ቂጣው የአጃ ነው። ሁሉንም እየዞርኩ ቀመስኩ፤ ቅቤውን፣ ሰናፍጩን፣ የጥርስ ሳሙናውን ሳይቀር። እማዬ «ልጄ አብዳለች» ብላ ይሆናል። ለሦስት ወር ምን እንደሆንኩ አልነገርኳትም።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 7

ሁሉም ምሳ ሲወጡ ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ሐን አወጣሁ። ለራሴ በማንኪያ ሰጠሁ። አሥር ሰከንድ፤ ጣፋጭ ነው፣ እንጆሪ እንጆሪ ይላል። ደስ ሊለኝ ጀመረ። ተፋሁት። ሰዓቴን አየሁ።

ሃያ ሰከንድ ላይ ከምላሴ ሥር ጀመረ። ሠላሳ ላይ ጉሮሮዬን ያዘኝ። ብዙ ውሃ ጠጣሁ፣ ዳቦ በላሁ፣ እንደገና ጠጣሁ፤ አልለቀቀኝም። እኔ የሃያ አምስት ዓመት ሰው፣ ምን እንደሆነ እያወቅሁ፣ ማጠቢያው ላይ አስመለሰኝ። ዘጠኝ ነው። ከደቂቃ በኋላ አሥር።

ያቺ የአራት ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን ማንኪያ ጣፈጠኝ ብላ ትውጠዋለች። ከሁለተኛው ጀምሮ ጣፋጭ ያሏትን ሁሉ አታምንም።

ሄንሪክ የለም ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። የቢሮው በር ግን ክፍት ነበር፤ መብራቱም በርቶ ነበር።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 8

ኢሜይል ጻፍኩ። አጠፋሁት። ጻፍኩ። አጠፋሁት። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ይደባለቃል።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 9

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ገባሁ። ሄንሪክ ነጭ ካፖርቱን እየቆለፈ ነበር።

«ሐ መራራ ነው» አልኩት።

«ሁለት ነው የሰጠሽው። አራት ጊዜ፣ ሁለት።»

ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። ጉንፋኑን፣ ቅጹን፣ ጣውላውን። አላቋረጠኝም። ስጨርስ «ራይሊ ይህን ታውቃለች?» አለኝ። ዝም አልኩ። እሱም አልደገመውም።

«አሁን ትቀምሻለሽ?»

«ከእሑድ ጀምሮ።»

«ይሄኛው እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

 ሦስት ወር ሙሉ ስዋሽ አመነኝ፤ እውነቱን ስነግረው የማምታታ መሰልኩት። ሊፈርድብኝም አልነበረም፤ በእርግጥ ማወቅ ፈልጎ ነው የጠየቀኝ። እንዲያ መሆኑ ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ።

ኃላፊው እንዳይቀምስ ነው ደንቡ፤ ሐሳቡ ወዳንዱ እንዳያዘነብል። ሄዶ ከማቀዝቀዣው አወጣና ቀመሰ። ተፋና ሰዓቱን እያየ ቆመ። «ጣፋጭ ነው» አለ። እኔም ቆምኩ። ከዚያ ከንፈሩን በእጁ ጀርባ ጠረገ፤ እንደገና ጠረገ። ፊቱ ቀላ። ስልኩን አንስቶ «ማደባለቂያውን እንዳታስነሱት» አለ፤ «አዎ፣ አሁን። ምክንያቱን በኋላ።»

ስልኩን ዘጋ። «ነርሷ በፎጣ ይጠቀልሏታል ያለችን ልጅ» አለና ሳይጨርሰው ተወው።

ጥናቱ በአዲስ ቀማሾች ከመጀመሪያው ይደገማል። እኔ የለሁበትም። የመግቢያ ካርዴን ጠረጴዛው ላይ እንድተው ጠየቀኝ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ድክም ባለ ድምፅ ነው የተናገረው። ዩኒቨርሲቲው ምን እንደሚወስን አላውቅም፤ ቢቀናኝ በሚመጣው ዓመት እንደገና እጀምራለሁ፤ ቢከፋ ሌላ ሙያ እፈልጋለሁ። አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶኝ ፌርማታዬን አልፌ ሄድኩ።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 10

ራይሊ ደወለች።

«ሰማሁ» አለች። «ሞኝ ልጅ። አንቺን ላተርፍ ነበር እኮ የሄድኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ስንት ነው እውነተኛው?»

«ዘጠኝ። ከደቂቃ በኋላ አሥር።»

ስልኩ ውስጥ ትንፋሽዋ ብቻ ይሰማኝ ነበር። ስሟን ጠራሁ።

«አለሁ» አለች። «ቬራ፣ ለሄንሪክ ከገና ወዲህ ነው ብዬዋለሁ። ከገና ወዲህ አይደለም።»

«አውቃለሁ፣ ራይሊ።»

«ከጠዋት ጀምሮ ወጥ ቤት ተቀምጫለሁ። ምላሴ ከጠፋ ወዲህ ‹ጥሩ ነው› ብዬ የፈረምኩባቸውን የልጆች መድኃኒቶች እየጻፍኩ ነው፤ ሰኞ እወስድለታለሁ። ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ያሉ ናቸው እኮ። ሰው ለልጁ እየገዛቸው ነው።» ወረቀት ስታገላብጥ ሰማኋት።

«ስንት ደረስሽ?» አልኳት።

«ሰባት» አለች። «ገና አልጨረስኩም።»